ጭንቅላቱን ተመቶ የሚያውቅ ተከሳሽ፦ ምን ብለን እንጠይቀው? መልሱንስ ለማን እንስጠው?

አጋዥ_ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ አማርኛ ተናጋሪ ተከሳሾችንና ቤተሰቦቻቸውን ለምታግዙ፣ ስለ ጭንቅላት ጉዳትም ለምታውቁ ነው።

ደጋግሞ የሚመጣው ነገር ይህ ነው። ሰውየው ከዓመታት በፊት ጭንቅላቱን ተመቷል፤ በመኪና አደጋ፣ በዱላ፣ በጦርነት፣ ወይም በሊቢያ በኩል ሲሰደድ በደላሎች እጅ። ቁስሉ ሽሯል። ሲራመድም ሲናገርም ደህና ነው። ግን የፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ ሆኖ በኦፊሰር ክትትል የሚፈጸም ቅጣት) ቀጠሮ ያልፈዋል፣ ዳኛ ሲጠይቁት አፉ ላይ የመጣለትን ይመልሳል፣ በትንሽ ነገር ይገነፍላል፣ ጄል ውስጥ ደግሞ «ትእዛዝ አልሰማም» እየተባለ ለብቻው ይዘጋበታል። ቤተሰቡ «ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ሌላ ሆነ» ይላል። ይህን ፍርድ ቤቱ አያውቅም፤ ለእሱ የሚታየው ደንታ ቢስ ሰው ነው።

ሦስት ነገር አስረዱን። ጉዳቱ መኖሩን በምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምናገኘው? «የአእምሮ ጉዳት አለብህ ወይ?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ እኔ ጤነኛ ነኝ» ነው። የትኛው ሰነድ ይፈለጋል? ሰነዱ ከተገኘ በኋላስ ከጠበቃው፣ ከፕሮቤሽን ኦፊሰሩና ከጄሉ በትክክል ምን እንጠይቅ?

ነርስ_ሪሃብ

መጀመሪያ ቃሉን ይቀይሩ። «የአእምሮ ጉዳት» በእኛ ጆሮ «እብደት» ነው፤ ማንም አዎ አይልም። «ጭንቅላትህን ተመተህ ሐኪም ቤት ገብተህ ታውቃለህ?» ማለትም ብቻውን አይበቃም፣ ብዙው ሰው ሐኪም ቤት አልደረሰምና።

እዚህ አሜሪካ እስር ቤቶች ውስጥ በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ ይጠይቀዋል። ብልሃቱ ከጉዳቱ በፊት የሆነውን ነገር መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሳያቋርጡ አምስት ነገር ብቻ ያስቆጥሩት፦ ጭንቅላቱ ወይም አንገቱ ተጎድቶ ሆስፒታል ወይም ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ያውቃል? መኪና፣ ሞተር ወይም ብስክሌት ላይ ሆኖ አደጋ ደርሶበታል? ወድቆ ወይም የሆነ ነገር ወድቆበት ያውቃል? በጠብ ወይም በድብደባ ጭንቅላቱን ተመቷል፣ በኃይል ተንጧል፣ ተተኩሶበታል? ፍንዳታ አጠገቡ ደርሶ ያውቃል?

ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ተመልሰው ራሱን ስቶ እንደነበር ይጠይቁ። ከስቶ ለምን ያህል ጊዜ? ከ30 ደቂቃ በታች፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 24 ሰዓት፣ ወይስ ከዚያ በላይ? ካልሳተስ ዞሮበት፣ የት እንዳለ ጠፍቶበት፣ ወይም የማያስታውሰው ሰዓት ነበር? ያኔ ዕድሜው ስንት ነበር? በመጨረሻ ምቱ ተደጋጋሚ የነበረበት ዘመን መኖሩን ይጠይቁ፤ በቤት ውስጥ ድብደባ፣ በማቆያ፣ በቦክስ ወይም በውትድርና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ራሱን የሳተ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሳተ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚነግርዎ ሌሎች የነገሩትን ነው። ስለዚህ «ከመመታትህ በፊት መጨረሻ የምታስታውሰው ምንድን ነው? ከዚያ በኋላስ መጀመሪያ ትዝ የሚልህ?» ብለው ሁለቱን ዳርቻ ያስይዙት። «ገበያ መሐል ነበርኩ፤ ከዚያ እናቴ ውኃ ስታጠጣኝ ነው የማስታውሰው» ካለና እናትየው የደረሱት በማግስቱ ከሆነ፣ ክፍተቱ ወደ አንድ ቀን ሊደርስ ይችላል። ከአንድ ቀን እስከ ሰባት ቀን የሚደርስ ክፍተት መካከለኛ ጉዳት ያመለክታል፣ ከሰባት ቀን በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል።

ውጤቱ ሲነበብ ሦስት ነገር ከሁሉ በላይ ይመዝናል፦ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ራስን ያሳተ አንድ ምት፣ ከ15 ዓመት ዕድሜ በፊት ራስን ያሳተ ምት፣ እና በአጭር ጊዜ ውስጥ የተደጋገመ ምት። መጠይቁ ምርመራ አይተካም። ሰውየው ወደ ባለሙያ መላክ እንዳለበት ብቻ ይናገራል።

ሴቶችን ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ታንቀሽ ታውቂያለሽ?» በስኮትላንድ እስር ቤቶች ባሉ 109 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2021 የታተመ ጥናት 78 በመቶዎቹ ጉልህ የሚባል የጭንቅላት ጉዳት ታሪክ እንዳላቸው አግኝቷል፤ ዋናው መነሻም የቤት ውስጥ ጥቃት ነበር። መታነቅ ምት ባይሆንም አንጎልን ኦክስጅን ስለሚነፍገው የሚተወው ጉድለት ይመሳሰላል፤ ሴቷ ግን «ተመተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሏት አትቆጥረውም።

ጠባይ ለምን እንደሚለወጥም ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም አንጎሉ አብሮ አይቆምም፤ ወደፊት ሄዶ ከግንባር በስተኋላና ከዓይን በላይ ባለው ሻካራ አጥንት ላይ ይፈተጋል። እዚያ ያለው ክፍል የሰው ፍሬን ነው፦ ከመናገር በፊት ማሰብ፣ ቁጣን መዋጥ፣ ሥራ መጀመርና ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር። ስለዚህ ከፊሉ ይገነፍላል፣ ከፊሉ ደግሞ ካልተቀሰቀሰ ከተቀመጠበት አይነሳም፣ ሰነፍ ይባላል። ጉድለቱን ራሱ አለማየቱም የጉዳቱ አካል ነው። አንድ ቀላል ፍንጭ አለ፦ «ቡና ሲቆላ ይሸትሃል?» ብለው ይጠይቁት። የማሽተት ነርቮች በዚያው አጥንት በኩል ስለሚያልፉ አብረው ይቀነጠሳሉ። ካልሸተተው ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ለሐኪሙ ይጻፍለት።

በአሜሪካ እስር ቤቶች ካሉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የጭንቅላት ጉዳት ታሪክ እንዳላቸው ጥናቶች ያሳያሉ። ቁጥሩ ቀላሉንም ከባዱንም አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ጉዳቱ ወንጀሉን አመጣው ማለትም አይደለም። ጠበቆች ይህን ልዩነት ካልጠበቁ አቃቤ ሕጉ በአንድ ጥያቄ ያፈርስባቸዋል።

የተከላካይ_ጠበቃ_መርማሪ

ነርሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ሰነዱ ልቀጥል።

ጉዳቱ አሜሪካ ውስጥ ከደረሰ «የሕክምና ማስረጃዬን ስጡኝ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ የሚላክላችሁ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይሆናል። በስም ጠይቁ፦ የአምቡላንስ ሠራተኞች የሞሉት ቅጽ፣ የድንገተኛ ክፍል የነርስ መዝገብ፣ የሲቲ ስካን ሪፖርት፣ የመውጫ ወረቀት፣ የአካልና የንግግር ሕክምና ማስታወሻ። የአምቡላንሱ ቅጽ ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ ዘንድ ስለማይገኝ ከካውንቲው የእሳት አደጋና አምቡላንስ አገልግሎት ለብቻው ይጠየቃል። ሰውየው ራሱ ፈርሞ ሲጠይቅ ሆስፒታሉ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጄል ውስጥ ካለ ጠበቃው ቅጹን ይዞ ገብቶ ያስፈርመው። የቆዩ መዛግብት ስለሚወገዱ ከጥንቱ ጀምሩ።

ወረቀቱ ላይ የግላስጎው ኮማ ስኬል የሚባል ከ3 እስከ 15 የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ነው። ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ከቁጥሩ አምስቱ ለንግግር የሚሰጥ ነው፤ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ያለ አስተርጓሚ ሲጠየቅ «ግራ ተጋብቷል» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል፣ አቃቤ ሕጉም በኋላ ይህንኑ ይዞ ቁጥሩ አይታመንም ይላል። ሁለተኛ፣ መጠጥም ቁጥሩን ያወርዳል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር አትያዙ፤ በየሰዓቱ የተመዘገበውን ተከታትላችሁ እዩ። «ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» የሚለውም ጉዳት የለም ማለት አይደለም። ሲቲ የሚያሳየው ደምና የተሰበረ አጥንት ነው፤ በንጠት የተበጣጠሱ ቀጫጭን የነርቭ ክሮችን አያሳይም።

ጉዳቱ አገር ቤት፣ ሱዳን፣ ሊቢያ ወይም ሳውዲ ከደረሰና ወረቀት ከሌለ ምስክር ይተካዋል። ከጉዳቱ በፊትም በኋላም የሚያውቁት ሁለት ሦስት ሰዎች ይጻፉ፣ ግን «ጠባዩ ተለወጠ» አይበቃም። «ሱቅ ያስተዳድር ነበር፣ ዱቤ በቃሉ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ዕቃ ልከነው አንዱን ይዞ ይመለሳል» የሚለው ይበቃል። የጠባሳው ፎቶ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ ይነሳ። የትምህርት ቤት ሰርተፊኬትም አትናቁ፤ ደረጃው በየትኛው ክፍል እንደወረደ ይታይበታል።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ሰውየው ጥገኝነት ሲጠይቅ ያስገባው ቃል ውስጥ ድብደባው ተጽፎ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ታሪክ ከዚያ ጋር በቀን ወይም በቦታ ከተጋጨ ኢሚግሬሽን «ዋሽቷል» ይላል፤ የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ቀን ማጋጨቱ አይቀርም። ምንም ነገር ከመግባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ። እንዲሁም በጄል ስልክ ስለ ጉዳዩ አታውሩ፤ ይቀረጻል። ቤተሰብ ያገኘውን ወረቀት ለጠበቃው እንጂ ለፖሊስ ወይም ለፕሮቤሽን አይስጥ።

ለጠበቃው የምትሉት፦ ኒውሮሳይኮሎጂስት (የአንጎል ጉዳት በማስታወስ፣ በማሰብና በጠባይ ላይ ያደረሰውን በፈተና የሚለካ ባለሙያ) ይቀጠርልን። በተከላካይ ጠበቃ የታዘዘ ምርመራ ጠበቃው ለመጠቀም እስኪወስን ድረስ በአብዛኛው ምስጢር ሆኖ ይቆያል፤ በጄሉ ሐኪም የተሠራው ግን እንደዚያ አይደለም። ምርመራው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። ለሁለት ጠዋት ይከፈል፣ ከሰዓት በኋላ ድካሙ ውጤቱን ያበላሸዋልና። አብዛኛው ፈተና የተመዘነው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ስለሆነ ሪፖርቱ ይህን ገደብ በግልጽ ይጻፍ። «እያስመሰለ ነው» የሚለውን ክርክር ለመዝጋት ደግሞ የማስመሰል መለኪያ ፈተና አብሮ ይሠራ፤ ያለ እሱ የመጣ ሪፖርት አቃቤ ሕጉ ፊት አይቆምም።

ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። አንዱ ለፍርድ የመቅረብ ብቃት ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 በዳስኪ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ጀምሮ ጥያቄው ሰውየው ክሱን ይረዳል ወይ፣ ከጠበቃው ጋርስ በማስተዋል መመካከር ይችላል ወይ የሚል ነው። በትንሽ ክስ ላይ ይህን ማንሳት ሰውየውን ለወራት ወደ ስቴቱ የአእምሮ ሆስፒታል ሊያስገባው ይችላል፤ ቅጣቱ ሦስት ሳምንት ሊሆን ይችል በነበረ ጉዳይ። ሌላው ቅጣት ማቅለያ ነው፣ ለአብዛኛው ሰው የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው። ሆኖም የጉዳቱን ታሪክ ብቻ ይዛችሁ ብትቀርቡ ዳኛው «እንግዲያው ሁልጊዜም አደገኛ ነው» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ከሪፖርቱ ጋር እቅድ ይግባ፦ የትኛው ክሊኒክ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንደሚያመላልሰው፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚይዝ።

ዜጋ ላልሆነ ሰው ቅጣቱ ላይ አንድ ቀን ዓለምን ያህል ልዩነት አላት። በስርቆት ወይም በአመፅ ወንጀል 365 ቀን ከተፈረደበት፣ ቢገደብለትም እንኳ፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ከባድ ወንጀል ተብሎ ይመደባል፤ 364 ከሆነ በዚያ መንገድ አይመደብም። የማቅለያው ሪፖርት ትልቁ ጥቅም እዚች አንዲት ቀን ላይ ሊሆን ይችላል። ጠበቃው ስለ መባረር መዘዝ የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ ጉዳይ ወስኗል።

አስተርጓሚ_ፍርድ_ቤት

በአማርኛው በኩል የሚበላሸው ብዙ ስለሆነ ልጨምር።

«እሺ» ማለት ገባኝ ማለት አይደለም። ለዳኛና ለሽማግሌ «አልገባኝም» ማለት ነውር ሆኖ ያደገ ሰው፣ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የመጀመሪያው ጠፍቶበትም «እሺ» ይላል። ክሱን አምኖ ሲፈርም የሚጠየቀው ሃያ ጥያቄ ሁሉ «አዎ» ሆኖ ያልፋል። ጠበቃው ከችሎት በፊት «ገባህ?» ከማለት «አሁን ያልኩህን ለእናትህ ስትነግራቸው እንዴት ትላቸዋለህ?» ብሎ ያስደግመው። መድገም ካልቻለ ያን ቀን አይፈርም።

አስተርጓሚ በራሱ ተነስቶ ማብራራት አይችልም፣ ሥነ ምግባሩ ይከለክለዋል። ጠበቃው ግን አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛ፣ በጆሮ እየተንሾካሾከ ከዳኛው እኩል መተርጎሙ ቀርቶ ዓረፍተ ነገር እያለቀ ይተርጎም፤ ሁለት ድምፅ በአንዴ መስማት ለተጎዳ አንጎል ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ በየ20 ደቂቃው አጭር እረፍት።

የጊዜ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ኦፊሰሩ «ናይን» ይላል፣ ሰውየው «9 ሰዓት» ብሎ ይይዛል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3፡00 ማለት ነው። ስድስት ሰዓት አርፍዷል። ጤነኛው ስህተቱን አንድ ጊዜ ሠርቶ ያርማል፤ የተጎዳው በየወሩ ይደግመዋል። ወረቀቱ ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የስልክህ ሰዓት 9:00 ሲል» ተብሎ ይጻፍ። የጉዳት ዓመትም እንዲሁ ነው፦ «በ2005» ያለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ 2012 ወይም 2013 ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠየቅ፣ ከጥምቀት በፊት ይሁን በኋላ፣ ዝናብ ነበር አልነበረም ተብሎ ይጣራ። ሰባት ዓመት ማሳሳት የ12 ዓመቱን ልጅ የ19 ዓመት ወጣት ያደርገዋል፤ ነርሷ ስለ 15 ዓመት ያለችው ያን ጊዜ ይጠፋል።

ጠበቃ_አዲስ_አበባ

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች በአጭሩ። በ1996ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ፍጹም ኃላፊነት የሌለበትን፣ አንቀጽ 49 ኃላፊነቱ በከፊል የሆነውን ይመለከታል። የጭንቅላት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በ49 ነው፤ ውጤቱም ቅጣቱን ፍርድ ቤቱ በመሰለው ማቅለሉ ነው። አንቀጽ 51 ደግሞ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ይላል፤ የሚጥል በሽታ ምልክት በስም ከተጠቀሱት አንዱ ነው። ከጉዳቱ በኋላ የሚጥለው ሰው ካለ ጠበቃው «አመለኛ ነው» በሚል ክርክር ከመድከም በዚህ በር ይግባ። በአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች ለዚህ ምርመራ የሚልኩት በብዛት ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። በማመልከቻው ላይ መቼ እንደተመታና ስንት ጊዜ እንደጣለው ካልተጻፈ፣ መርማሪው ሐኪም ስለ ጭንቅላት ምት የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም።

አጋዥ_ሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዛሬውኑ መጠይቁን በአማርኛ መልክ እናስይዛለን። የፕሮቤሽኑና የጄሉ ጥያቄ ግን ቀርቷል። ማንን፣ ምን ብለን? መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲታሰርስ?

ነርስ_ሪሃብ

ለሁለቱም መሠረቱ የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ የሚባለው ነው። የስቴት እስር ቤቶችንም እንደሚገዛ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ወስኗል። በካውንቲና በስቴት ፍርድ ቤት ኤዲኤ አስተባባሪ የሚባል ሰው አለ፤ ጥያቄው ለእሱ በጽሑፍ ይገባል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሕጉ ስለማይሸፍን እዚያ ጠበቃው ለዳኛው በቀጥታ ያመልክት። «ይታዘንለት» ብላችሁ አትጻፉ። የሚፈለገው ነገር በግልጽ ይቀመጥ፦ ቀጠሮው ሁልጊዜ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ይሁን፤ ከአንድ ቀን በፊትና ከሁለት ሰዓት በፊት በስልክ መልእክት ይድረሰው፤ ግዴታዎቹ ሁሉ በአንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፉለት፤ ቀጠሮ ቢያልፈው ወደ ዳኛ ከመመለሱ በፊት ለተመዘገበ አንድ የቤተሰብ አባል ይደወል። ጥበቃዎችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ አስር ሰከንድ መጠበቅ። «ተነስ፣ ዕቃህን ሰብስብ፣ ግድግዳውን ይዘህ ቁም» የተባለ ሰው «ተነስ» የሚለውን ሠርቶ ይቆማል፤ ሪፖርቱ ላይ እምቢተኛ ተብሎ ይጻፋል።

መድኃኒቱ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ኬፕራ ወይም ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ሁለት መጠን ካለፈው ሊጥለው ይችላል። በታሰረበት ሌሊት ቤተሰብ ወደ ጄሉ የሕክምና ክፍል ይደውል እንጂ ወደ መረጃ ዴስክ አይደውል፤ የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ በቀን ስንቴ እንደሚወስድና መጨረሻ የወሰደበትን ሰዓት፣ የፋርማሲውንም ስልክ ይስጥ። የተናገረውን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፍ። የታችኛው አልጋ እንዲሰጠው በዚያው ስልክ ይጠይቅ፤ ከላይኛው አልጋ ሲጥለው መውደቅ ሌላ የጭንቅላት ጉዳት ነው። ጡንቻ ለማላላት ባክሎፈን የሚወስድ ከሆነም ይህንኑ ይንገሩ፣ በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው።

በመጨረሻ፣ ሲያዝ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው «ሰክሯል፣ ይተኛ» ተብሎ ክፍል ውስጥ ከተተወ ዝም አትበሉ። ሰካራም ሰዓት በገፋ ቁጥር እየነቃ ይሄዳል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ያለ ሰው እየፈዘዘ፣ እያስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰበት፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው እየሰፋ ይሄዳል። በእንግሊዝና በዌልስ የፖሊስ ደንብ ሰክሯል የተባለ እስረኛ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ተቀስቅሶ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ ካልመለሰ ሐኪም ወይም አምቡላንስ ይጠራል። እዚህም ጠበቃው ወይም ቤተሰቡ ሲደውል የሚለው ይህ ይሁን፦ «ጭንቅላቱን ተመቷል፣ አሁን ቀስቅሱትና ስሙን፣ የት እንዳለ ጠይቁልኝ፤ መስመር ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ።» ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ያንን መጀመሪያ ይናገሩ።